በየማለዳው ያው ገጽ

ጠራዧን ዝምተኛ ናት ብሎ የሚያማት የለም። ማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ማሽኑ እየጮኸ እንኳ የእሷ ጨዋታ ከደረጃው ሥር ይሰማል። እንግዲህ ይህችው ሴት ናት ለባሏ አንድም የምክር ቃል ላትተነፍስ ከራሷ ጋር የተማማለችው። መሐላው ምን ያህል እንዳሰቃያት የሚያውቀው አንድዬ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም «ሾፌሩ» እያለ ነው የሚጠራው። ሳቁ ከመኪናው ጥሩምባ ቀድሞ የሚደርስ፣ ጠዋት ሞተር ከማስነሳቱ በፊት መሪውን ይዞ ሁለት ደቂቃ የሚጸልይ፣ ቤት ውስጥ ሚስቱ ስትጸልይ ደግሞ «አሜን!» ሲል ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነበር። ከሰባት ወር በፊት ጭነት ሲራገፍ አንድ ሣጥን ተንሸራቶ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ሰበረው። ብረት ገባለት፣ ጄሶ ታሰረለት፣ ጄሶው ተፈታ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና፣ «አጥንቱ ግጥም ብሏል፤ ከእንግዲህ የቀረው መርገጥ ነው» አለ።

ሾፌሩም ረገጠ። በመጀመሪያው ቀን በክራንች ተደግፎ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ሄደና፣ እዚያ ሲደርስ ጎረቤት ሁሉ እያየው እንደ ጆንያ ተዘረገፈ። እግሩ ደህና ነው፤ ቅስሙ ግን ስብር አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀኝ እግሩን መሬት አላስነካም። ወደ መጸዳጃ ቤት ግድግዳ እየተደገፈ በአንድ እግሩ እየነጠረ ይሄዳል፣ እየነጠረ ይመለሳል፣ ፊቱን አዙሮ ይተኛል። ሚስቱ ስትጸልይ ዝም ይላል። አሜን የሚል ሰው በሌለበት መጸለይ እንዴት እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ።

እሷ ደግሞ መቼ ዝም ብላ! ጠዋት በኢዮብ ትጀምራለች፣ ማታ በዮሴፍ ትጨርሳለች። እራቱን ስታቀርብ ስለ እምነት፣ ሳህኑን ስታነሳ ስለ ትዕግሥት። አንድ ቀን ታዲያ ሾፌሩ ዞር ብሎ፣ «እግሬን አጣሁ፤ እባክሽ ጆሮዬን እንኳ ተይልኝ» አላት። ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ለቀቀችና በውኃው ድምፅ ተከልላ አለቀሰች። መሐላው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ስለ እግሩም ስለ ጸሎቱም ከእንግዲህ አንዲት ቃል ከአፏ አትወጣም። በልቧ ግን የምትለምነው ያንኑ ነው፤ ባሏ በእግሩ እንዲቆምና አንድ ቀን ደግሞ አብሯት እንዲጸልይ።

አሁን ወደ ሥራዋ እንሂድ። ማተሚያ ቤቱ በየዓመቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ በየቀኑ አንድ ገጽ የሚገነጠልለት የጸሎት ጥራዝ ያወጣል። ገጹ ከመዳፍ አይበልጥም። ከላይ ከቅዱስ መጽሐፍ አንድ ታሪክ፣ ከሥሩ ችግር ላይ ላለ ሰው የምታበረታ አጭር ማሰላሰያ፣ ከታች አንዲት መስመር ጸሎት አለው። ቀንና ወር አልተጻፈበትም፤ ከአንድ እስከ ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ «ነጎድጓድ» ይባላል፤ ሃያ ዓመት ማሽን አጠገብ ቆሞ ጆሮው ስለደነዘዘ «እንደምን አደራችሁ» ሲል እንኳ የተቆጣ ይመስላል። ጠራዧ የታተሙትን ገጾች በረጅም ጠረጴዛ ላይ በየቁጥራቸው ትደረድርና፣ ጠረጴዛውን እየዞረች ከየክምሩ አንድ አንድ ታነሳለች። ሲሞላላት ጠርዙን ታስተካክላለች፣ ሙጫ ትቀባለች፣ መጭመቂያው ውስጥ ታስገባለች። በአሥራ አራት ዓመት አንድ ገጽ አዛብታ አታውቅም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቃት ታወራለች።

ጣጣው የመጣው በሙጫው ነው። አዲስ ሙጫ ሲገዛ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በትርፍ ወረቀት ይሞከራል፤ ገጹ ሳይቀደድ ይገነጠል እንደሆነ፣ ሽፋኑ ይይዝ እንደሆነ ይታያል። በዚህ ዓመት ነጎድጓድ የቁጥር አንድ መቶ አሥራ ስድስትን ፕሌት፣ ማለትም የማተሚያ ቆርቆሮውን፣ ከማሽኑ ማውረድ ረስቶ ሁለት ጊዜ አትሞት ስለነበረ፣ የዚህ ገጽ ትርፍ እንደ ጉድ ተከምሯል። ጠራዧ ከዚያ ላይ ልክ ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ወረቀት ቆጥራ አነሳች፤ ውፍረቱ ካልተካከለ ሙከራው ሙከራ አይሆንማ። ሽፋን አለበሰችው፣ ሙጫ ቀባችው፣ ከእውነተኞቹ የመጀመሪያ ጥራዞች ጎን መጭመቂያ ውስጥ ከተተችው። ከውጭ ሲያዩት ወንድማማች ናቸው። ትኩስ ሙጫ ደግሞ ሦስት ቀን ሳያርፍ አይከፈትም፤ ይህ የጠራዥ ሕግ ነው።

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ አንድ ጥራዝ በነጻ ይሰጣል። ጠራዧ የዚያን ዕለት አውቶቡስ እንዳያመልጣት እየተጣደፈች ነበር፤ ከመጭመቂያው ዳር ያለውን ላፍ አደረገችና በጋዜጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የትኛውን እንደወሰደች መቼም ገምታችኋል። እሷ ግን አላወቀችም። በአሥራ አራት ዓመት የመጀመሪያዋን ስህተት በክንዷ ሥር ሸጉጣ፣ እያንጎራጎረች ቤቷ ገባች።

ከሦስት ቀን በኋላ በባሏ ራስጌ፣ እጁ በሚደርስበት ቦታ ሚስማር መትታ ሰቀለችው።

«ምንድነው ይሄ?» አላት።

«ምንም። ግድግዳው ባዶ ሆኖ ነው» አለች፤ ሌላ አንድ መቶ ቃል ምላሷ ላይ ተሰልፎ ነበር፣ ዋጠችው።

ቁጥር አንድ መቶ አሥራ ስድስት በመጠመቂያ ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት ስለተኛው ሰው ነው። ጌታ መጥቶ መዳን ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ ሰውዬው አዎን በማለት ፈንታ የሚሸከመው ሰው እንደሌለ ይነግረዋል። ማሰላሰያውን የጻፉት ጡረታ የወጡ ሰባኪ ነገር ማለሳለስ አያውቁም። «ዛሬ ጌታ ማን ይሸከምሃል ብሎ አልጠየቀህም» ይላል ጽሑፋቸው። «ትፈልጋለህ ወይ ነው ያለህ። ለሌላው ማማረሩን ተውና መልስህን ለእሱ ስጠው።» እስቲ አስቡት፤ ይህን ገጽ ነው ሾፌሩ በማግሥቱ ጠዋት የገነጠለው። በማግሥቱ ማግሥትም ይህንኑ። በሦስተኛው ቀን መላ ጥራዙን አገላበጠና ዳር እስከ ዳር ይኸው አንድ ገጽ ብቻ መሆኑን አየ።

ሚስቱ ግን አላየችም። በማለዳ ወጥታ ትሄዳለች፣ የማንበቢያ መነጽሯ ሥራ ቦታ ነው የሚያድረው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሆን ብላ ወደዚያ አታይም። ካየሁ እናገራለሁ፣ ከተናገርኩ መሐላዬ ፈረሰ ትላለች። የምታየው ውፍረቱን ብቻ ነው። የጠራዥ ዓይን የአንድ ገጽ መጉደል አያመልጠውም፤ ጥራዙም በየቀኑ አንድ አንድ ገጽ ይቀንሳል። ልቧ ቅቤ ጠጣ።

«እያነበበ ነው!» አለች ማተሚያ ቤት ስትደርስ።

«ማን ነው የሚያለቅሰው?» ብሎ ጮኸ ነጎድጓድ።

«እያነበበ ነው አልኩህ እኮ!»

«እሰይ!» አለና መስኮቱን አንቀጠቀጠው።

በአምስተኛው ቀን ማታ እራት ላይ ሾፌሩ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ይሄን የሰቀልሽውን ነገር አንቺ ነሽ የመረጥሽው?»

«አዎ። በገዛ እጄ ነው ሙጫውን የቀባሁት።»

«ለኔ ብለሽ?»

«ለማን ልል ነው ታዲያ? ላንተ ብዬ ነዋ!»

ዓይኑን ሳይነቅል አያት። «ገባኝ» አለ። ድምፁ ውስጥ የቆየ እልህ ነበር፤ ተራራ ላይ መኪና ሲቀድሙት የሚሰማው ዓይነት እልህ። እሷ የምግብ ፍላጎቱ የተመለሰ መሰላት።

ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰባት ወርና ሠላሳ ስምንት ዓመት እኩል ነው?» አላት።

«ኧረ በጭራሽ! ምኑ ይገናኛል?»

«በቃ፤ ይሄን ካንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው» አለና ሳህኑን ጠርጎ በላ።

ጠራዧ ግራ ገባት። ሰው ሲታመም ይቃዣል ይባላል እንጂ ሲሻለው ይቃዣል ሲባል አልሰማችም። ግን ደግሞ እየተሻለው ነው። አንድ ቀን ስትመለስ ወንበሩ ከቦታው ተነስቶ መስኮቱ ሥር ቆሟል። ሌላ ቀን የአልጋው ምንጣፍ ተስተካክሏል። አንድ ቀንማ የሻይ ብርጭቆ ታጥቦ ተደፍቶ አገኘችና ወጥ ቤት ብቻዋን ቆማ ሳቀች። መጠየቅ አማራት፤ ምላሷን ነክሳ ዝም አለች። በዚያ ሰሞን ሴትዮዋ ከዝምታ ብዛት ክብደት ሳትጨምር አልቀረችም።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ማተሚያ ቤት ውስጥ እንደተለመደው ማሽን ሳይነሳ በጠረጴዛው ዙሪያ ቆመዋል። ሁሉም «እትዬ» የሚሏት አሠሪያቸው የዕለቱን ገጽ ታነባለች፣ ከዚያ አንዱ ይጸልያል፤ ሥራ የሚጀመረው እንዲህ ነው። እትዬ መነጽሯን ልታደርግ ስትል ደረጃው ላይ ድምፅ ተሰማ። ኳ ይላል፣ ይረግጣል፣ ያርፋል። እንደገና ኳ ይላል፣ ይረግጣል።

«ወረቀት ያመጡልን ይሆናል» አለች እትዬ።

በሩ ተበረገደ። ሾፌሩ ነው። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል፣ የሸሚዙ ቁልፍ አንድ ቀዳዳ ዘሎ ተቆልፏል፣ በግራ እግሩ ጫማ በቀኙ ነጠላ ጫማ አድርጓል፣ በአንድ እጁ ክራንች በሌላው ብብት ሥር ጥራዙን ይዟል። በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ሦስት መንገድ ተሻግሮ፣ ሁለት ፎቅ ወጥቶ መምጣቱ ነው።

«አንቺ ሴትዮ!» አለ፤ ነጎድጓድ ሳይቀር ሰማ። «ገባኝ አላልኩሽም? ስንቴ ነው ገባኝ የምልሽ? ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ ያንኑ! ትናንትም ተነስ፣ ዛሬም ተነስ! ይኸው ተነሳሁ፤ ዕረፊ!»

ከኪሱ እፍኝ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በተነው። ሁሉም እግሩን ነው የሚያየው።

ጠራዧ ምን እንደሚል አልሰማችውም። ቆሟል፤ ባሏ ፊቷ ቆሟል። መነጽሯን አድርጋ ካጠገቧ ያለውን ወረቀት አነሳች። አንድ መቶ አሥራ ስድስት። ሌላውን አነሳች፤ አንድ መቶ አሥራ ስድስት። ማንም ሳይነግራት ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት።

ወረቀቱን ስትገለብጠው ደግሞ ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ አገኘች። የመጀመሪያው «እሺ» ይላል። የሚቀጥለው «ትናንትም አንብቤዋለሁ» ይላል። አንዱ ላይ «ሰውዬው ሚስት ነበረችው? ነበረችው መሆን አለበት» ብሏል። አንዱ ላይ በትልልቁ «የወደቅኩ ዕለት የት ነበርክ?» ብሎ እርሳሱ ወረቀቱን በስቶታል። ከእሱ ሥር የነበረው «ይቅርታ፣ ትናንት ተናድጄ ነው» ይላል። ከዚያ ወዲህ ያሉት አጫጭር ናቸው። ዛሬ እስከ ወንበሩ። ዛሬ እስከ መስኮቱ። ፈራሁ። ዛሬም ፈራሁ፣ ግን በሩን ነካሁት። እንባዋ መነጽሯን ሞላው፤ ፈገግታዋን ግን ልትመልሰው አልቻለችም።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለ ሾፌሩ። ድምፁ በርዷል። «ተናገሪ እንጂ። እንዲህ አድርገሽ ስለተጨነቅሽልኝ እኮ ነው የመጣሁት። በአፏ ብከለክላት በእጇ መጣች ብዬ… ተናድጄም ደስ ብሎኝ ነበር።»

አሁን ጠራዧ ጭንቅ ውስጥ ገባች። አዎን እኔ ነኝ ብትል ማን ያውቅባታል? የሙከራውን ጥራዝ የሚያስታውሰው እሷና ነጎድጓድ ናቸው፣ ነጎድጓድ ደግሞ ግማሹን አይሰማም። እውነቱን ብትናገር የአሥራ አራት ዓመት ስሟ ሰው ሁሉ ፊት ይጠፋል። እሱስ ግድ የላትም። የምትፈራው ሌላ ነው፤ በስህተት ነው ያነሳሁህ ቢባል እንደዚያን ቀን እዚሁ ተዘርግፎ ቢቀርስ? ግን ደግሞ ከዚህ ሰው ጋር መጸለይ ነው የምትፈልገው። ውሸት መሐላቸው አስቀምጣ እንዴት አድርጋ ትጸልያለች?

«የኔ ጌታ» አለች፤ ድምጿ ቀጥኖ ወጣ። «እኔ አይደለሁም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ተሳስቼ ነው። ይሄ ለሙጫ ሙከራ የሠራሁት ነው። ደህናው ጥራዝ እዚህ ቀርቶ ይሄን ይዤልህ ገባሁ። አንድ ዓይነት ገጽ መሆኑን ያወቅኩት አሁን ነው። እኔ ካንተ ጋር ስለዚህ ነገር ቃል ሳልተነፍስ ይኸው ስንት ቀኔ።»

ሾፌሩ ወደ እትዬ ዞረ፣ ከዚያ ወደ ነጎድጓድ። ነጎድጓድ ጥራዙን ተቀብሎ አገላበጠና፣ «የኔ ጥፋት ነው! ይሄን ገጽ ሁለቴ አትሜው ነበር!» ብሎ ጮኸ።

የሾፌሩ ክራንች መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጠራዧ እጆቿን ዘርግታ ወደ እሱ ስትራመድ ነው የተንቀጠቀጠበት ምክንያት የገባት። እየሳቀ ነው። መጀመሪያ በትከሻው፣ ከዚያ በሆዱ፣ ከዚያ ያ የጥንቱ ሳቅ ደረቱን ሰንጥቆ ወጣ። እትዬ ሳቀች፣ ነጎድጓድ ምን እንደተባለ ሳይሰማ ሳቀ፣ ጠራዧ እያለቀሰች ሳቀች። ሰባት ወር የተጠራቀመ ሳቅ ነው፤ ቶሎ አላለቀም።

ሲበርድላቸው ሾፌሩ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ወረቀቶች አየ። አንዱን አነሳና የጻፈበትን ለራሱ አነበበ። ከዚያ ሌላውን። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ቆይ ግን» አለ። «አንቺ ካልሆንሽ… ይሄን ሁሉ ቀን ከማን ጋር ነው ስጨቃጨቅ የከረምኩት?»

እትዬ ማንበቡን ተወችው፤ መነጽሯን አጥፋ ቀስ ብላ፣ «ዛሬ አንተ ጸልይልን» አለችው።

ሾፌሩ ክራንቹን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ። ኮፍያውን አወለቀ። ለወራት ያልተነካ በር የሚከፍት ሰው ይመስል ሁለት ሦስቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጌታዬ» አለ። «አንተ ነህ እንዴ? ይቅርታ አድርግልኝ… እሷ መስላኝ ነው።»

ጠራዧ ዓይኗን አልጨፈነችም። ወለሉን ነበር የምታየው። የባሏ ቀኝ እግር በዚያች በነጠላ ጫማ ውስጥ፣ ከጣቱ እስከ ተረከዙ መሬቱን ረግጧል።